ሞላ ያልጀመረውን እንዴት እንደተወ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የመሥሪያ ቤቱ ልጆች ጋቢ ደርበውልኝ፣ ዳቦ አስቆርሰውኝ፣ «እትየ የሺ፣ በሥራ ዘመንዎ ካዘጋጇቸው ቅስቀሳዎች ሁሉ የሚኮሩበትን እስቲ ይንገሩን» አሉኝ። ስለ ወባ አጎበር ወይም ስለ ክትባት እንድናገር ጠብቀው ነበር። እኔ ግን «በገዛ እጃችን ከየግድግዳው ልጠን በጣልነው ነው የምኮራው» አልኋቸው። ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። በር ላይ የቆመው ጥበቃችን ሞላ ግን የሳቀው ነገሩን ስለሚያውቅ ነው፤ ጢሙን በሁለት ጣቱ እያሾለ «በይ ንገሪያቸዋ!» ብሎ ጮኸብኝ። ያን ቀን ግርግር ስለነበር አልነገርኋቸውም። አሁን ቤት ተቀምጬ የሚያስቸኩለኝ ስለሌለ ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

ሥራዬ የጤና ትምህርት ነበር። መርፌ የወጋሁት ጥቂት ነው፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት ሰው በማሳመን ነው። ሥዕል አሥላለሁ፣ ጽሑፍ አጽፋለሁ፣ ድምፅ ማጉያ ተሸክሜ ገበያ ለገበያ እዞራለሁ። እናቴ ሥራዬ ምን እንደሆነ እስክትሞት ድረስ አልገባትም። ጎረቤት ሲጠይቃት «ትለፈልፋለች፣ ይከፍሏታል» ትል ነበር። ክፍያውን ትንሽ አጋነነችው እንጂ ሌላው ልክ ነው።

መጀመሪያ የተመደብሁት ቁሐር ሚካኤል ነው። ክረምት ሲገባ ሜዳው ሁሉ ውኃ ይሆናል፣ ከብቱ ወደ ደረቁ ይወጣል፣ ሰዉ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ ይሄዳል። እኔ ከደጋ የወረድሁ ስለነበርሁ በመጀመሪያው ሳምንት ጭቃው አንድ ጫማዬን ዋጠው፤ ሌላውን ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ዓመት ሙሉ አስቀመጥሁት። አለቃዬ ጋሽ አድማሱ ነበሩ። የድሮ ጤና ረዳት ናቸው፤ አገሬው «ድሬሰሩ» ይላቸዋል። ረዥም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ ከጥቁር ጃንጥላቸው የማይለዩ ሰው ናቸው።

ጋሽ አድማሱ ገበሬ ቤት ሲገቡ ከሁሉ ዝቅ ያለውን መቀመጫ ፈልገው ይቀመጣሉ። «ቁመቴ ረዥም ነው፣ ቆሜ ከተናገርሁ ትእዛዝ ይመስላል» ይሉኝ ነበር። በሽታ ከማንሳታቸው በፊት ስለ ላሚቱ ይጠይቃሉ። ለማስመሰል አይደለም፤ የላሚቱን ስም ያውቁታል። «ገባችሁ?» ብለው ሲጠይቁ ግን አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም።

«‹ገባችሁ?› ካልሻቸው ሁሉም ‹አዎ› ይልሻል» አሉኝ አንድ ቀን። «እንግዳ ማሳፈር ነውር ነዋ። ሥዕሉን ስጫቸውና ‹ምን አየህ?› በይ። ከዚያ አፍሽን ዝጊ።»

አፍ መዝጋት ለእኔ ከጭቃው የባሰ ነበር።

አንድ ጊዜ ስለ አጎበር የሚያስተምር ሥዕል ከበላይ ተላከልን። አባት፣ እናትና ልጅ ነጭ አጎበር ውስጥ ቀጥ ብለው በጀርባቸው ተኝተዋል። እኔ በጣም ወደድሁት። ጋሽ አድማሱ አንዱን ጠቅልለው ጃንጥላቸው ውስጥ ከተቱና ገበያ ወርደው፣ ወይፈን ሊሸጡ ለመጡ ሽማግሌ ሰጧቸው።

«አባባ፣ ምን ያያሉ?»

ሽማግሌው ሥዕሉን አራቁት፣ አቀረቡት፣ ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ነፍስ ይማር» አሉ። «ሦስቱንም ባንድ ቀን? ምን አገኛቸው?»

አጎበሩ ከፈን፣ ተኝተው የነበሩት ደግሞ አስከሬን መስለዋቸው ነበር። እኔ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ከወይፈኑ ጀርባ ተደበቅሁ። ጋሽ አድማሱ አልሳቁም። ሽማግሌውን አመስግነው ሥዕሉን አጠፉና «ሰው ሊያድን የመጣ ሥዕል ሦስት ሰው ገድሎ ተመለሰ» ብለው ወደ መጣበት ላኩት። አዲሱ ሲመጣ ልጁ ከአጎበሩ ውስጥ ተነሥቶ ተቀምጦ ይስቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ምንም ሥዕል ገበያ ሳላወርድ አልለጥፍም ብዬ ለራሴ ማልሁ። መሐላዬን አንድ ጊዜ ብቻ አፍርሻለሁ፤ ታሪኬም እሱ ነው።

ከቁሐር ብዙ ቦታ ዞርሁ። ወንዛዬ ሳለሁ ፍል ውኃው ዳር ተቀምጬ ለሚታጠበው ሰው ሁሉ አስተምር ነበር። ገላውን ሙቅ ውኃ ውስጥ የነከረ ሰው ተነሥቶ አይሄድብህም፤ ከዚያ የተሻለ አዳራሽ በሥራ ዘመኔ አላገኘሁም። ከጣራ ገዳም ግርጌ ባለችው ከተማ ስሠራ ደግሞ አንድ አዛውንት መነኩሴ ጠበል ለሚጠመቁት ሁሉ «ክኒናችሁንም አትርሱ፣ ሁለቱም ከአንድ ጌታ ነው» እያሉ ሥራዬን አቀለሉልኝ። አለቆችም ዓይነት በዓይነት አየሁ። አንዱ ስብሰባ ይወዳል፣ አንዱ ባነር ይወዳል። አንዷ ስልኳን ብቻ ትወድ ስለነበር እኛን እንደ ልባችን እንድንሠራ ትተወን ነበር፤ እግዜር ይስጣትና ብዙ ሥራ የሠራነው በእሷ ጊዜ ነው።

በመጨረሻ ወረታ ገባሁ። ወረታ መገንጠያ ናት፤ የጎንደሩም፣ የባሕር ዳሩም፣ የደብረ ታቦሩም መኪና ይቆምባታል። መኪና ባለበት ደግሞ እንቅልፍ ያጣ ሾፌርና ረዳት አለ። ጫቱ ድሮም ነበር። በኋላ ሐሺሹ መጣ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚዋጠው የሕመም ማስታገሻ ክኒን መጣ። ጤና ጣቢያው ሱስ የያዛቸውን ሰዎች የሚረዳ ክፍል ከፈተ፣ ነርሷም ሠልጥና መጣች። ክፍሉ ግን ባዶውን ይውላል። ማን ደፍሮ ይግባ? በሩ ላይ «የሱስ ሕክምና» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል፤ ፊት ለፊቱ ደግሞ ልጅ ለማስከተብ የመጣው ሁሉ አግዳሚ ላይ ተደርድሮ ይቀመጣል። ወደዚያ የገባ ሰው ገና ሳይወጣ ወሬው ቤቱ ይደርሳል። ቤተሰቡም የታመመበትን ጓዳ ደብቆ «ሥራ ሄዷል» ይላል። ይህን መገለል የሚቀንስ ቅስቀሳ አዘጋጂ ተባልሁ።

ሥራውን ወደድሁት። የዚያን ጊዜው ኃላፊያችን ግን ባነር ወዳዱ ነበር። «በዚህ ሳምንት ግድግዳ ላይ ልየው» አለ። ለሥዕል ጊዜ የለም፣ ፎቶ ይሁን ተባለ። ታማሚውን ራሱን አናነሣ፣ ነውር ነው። ታዲያ ማን ይቁም ብለን ስንከራከር በር ላይ ሲያዳምጥ የነበረው ሞላ አንገቱን አስገባ።

«እኔስ?» አለ።

ሞላን ላስተዋውቃችሁ። ሞላ መልከ መልካም ነው፤ ይህንን ከማንም በፊት የሚነግራችሁ ራሱ ነው። ጢሙን ቫዝሊን ቀብቶ ያሾላል። ካሜራ የወጣ እንደሆነ የትም ቢሆን ይደርሳል። ሲጋራ አያውቅም፣ ጫት አያውቅም፣ ጠላ እንኳ ቢቀዱለት «ያስተኛኛል» ብሎ ግማሹን ይመልሳል። ከሥራ ሲወጣ ከከተማዋ ዳር ያለችውን የሩዝ ማሳውን ይንከባከባል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ያለችው አንድ ልጅ ናት፤ ትርንጎ ትባላለች፣ ሩዝ መፈልፈያ ቤት ትሠራለች። በዚያ ዓመት ለትርንጎ ሽማግሌ ተልኮ፣ ሞላ እሺ ብሎ፣ ሠርጉ ለጥር ተቆርጦ ነበር። የሙሽራው አባት አቶ ይርጋ የተከበሩ ገበሬ ናቸው፤ የሞላም ጎረቤት ናቸው።

«እታለም፣ ይሄን ፊት ተመልከችዋ!» አለኝ ሞላ። «ግድግዳ ላይ ሳይወጣ ሊያረጅ ነው።»

ፎቶውን ያነሣንበትን ቀን ያህል ሥራ ላይ የሳቅሁበት ቀን የለም። አመድ ቀባነው፣ ፀጉሩን አንጨባረርነው፤ ጢሙን ወደ ታች ልናወርደው ስንል ሊጣላን ደረሰ። ፊቱ የጫት ገረባ በተንን፣ እጁ ላይ የክኒን ብልቃጥ አስያዝነው። «እዘን» ስንለው ይስቃል። በመጨረሻ «ሞላ፣ የሰው ከብት ማሳህ ውስጥ ገብቷል» አልሁት። ያን ጊዜ የደነገጠው ፊቱ ነው የታተመው። ከሥሩ «ሱስ ሰውን እንዲህ ያደርጋል፤ አናግልል፣ እናሳክም» ብለን ጻፍንበት።

ጋሽ አድማሱ ያኔ ጡረታ ወጥተው ወረታ ይኖሩ ነበር። መንገድ ላይ አግኝተውኝ «ገበያ አውርደሽ ጠየቅሽበት?» አሉኝ።

«ጊዜ የለም ጋሼ። ደግሞ ግልጽ ነው፣ ሕፃን ልጅ ይረዳዋል።»

ጃንጥላቸውን አንሥተው መንገዳቸውን ቀጠሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለእኔ ነበር።

መነሃሪያው፣ መፈልፈያ ቤቱ፣ ሻይ ቤቱ፣ ቀበሌው፣ ሁሉም የሞላን ፊት ለበሰ። ሞላ መጀመሪያ ሰሞን እንደ ሹመት አየው። ጢሙን አሹሎ በየግድግዳው ሥር ቆም እያለ «እኔ ነኝ'ኮ» ይላል። «አንተ መሆንህንማ አየን» ይሉታል፣ ፊታቸውን ዞር አድርገው። ቀስ በቀስ ሰላምታው ሁሉ አጠረ። ሻይ ቤት ሲገባ ባለቤቷ ብርጭቆውን ሰጥታው እጁን ታያለች፣ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ። አንዲት አበልጁ መንገድ ላይ አንገቱን አቅፋ አለቀሰችበት።

«ትያትር ነው አበልጄ! ለትምህርት ነው!» ቢላት፣

«መጀመሪያ ሁሉም እንዲያ ነው እሚል፣ አይዞህ» አለችው።

ይህን እስከዚህ ድረስ እየሳቅን ነው ያወራነው። የሩዝ አጨዳ ሲደርስ ግን ሳቁ ቀረ። እኛ አገር ደቦ ሲጠራ ባለማሳው ዋዜማውን ራሱ ከቤት ቤት ይዞራል። ከየደጁ ቆሞ «ነገ አጨዳ አለብኝ፣ ድረሱልኝ» ይላል፤ ቤተኛውም «እሺ፣ እንደርሳለን» ይለዋል። ደጅህ ላይ ቆሞ ካልጠራህ አልተጠራህም፤ በሰው ወሬ ሰምተህ አትሄድም። አቶ ይርጋ የዚያን ዓመት ደቦ ሲጠሩ ከሞላ ቤት ወዲህ ያለውን ጎረቤት ጠሩ፣ ከሞላ ቤት ወዲያ ያለውንም ጠሩ፣ የሞላን ደጅ አለፉት።

በማግሥቱ ሞላ ቢሮዬ ገብቶ ሳይቀመጥ ማልቀስ ጀመረ። ያን ሰው ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር።

«ተደጄ ዘለው ሄዱ» አለኝ። «ማጭዴን ስየ ደጅ ላይ ተቀምጨ ነበር። እያየኋቸው፣ እያዩኝ፣ ዘለው ሄዱ።»

ብዙም ሳይቆይ የአቶ ይርጋ ሽማግሌዎች መጡ። «ሠርጉ ለጊዜው ይቆየን» አሉ። ምክንያት አልተናገሩም፤ ግድግዳው ሁሉ ይናገርላቸው ነበር። ጤና ጣቢያውም ብሶበት ጠበቀኝ። ድሮ ከስንት አንዴ ሰው ብቅ ይልበት የነበረው ክፍል ጭራሽ ጭር አለ። ነርሷ «የነበሩኝም ሰዎች ‹እንደዚያ ሰውዬ ልትለጥፉን ነው ወይ?› ብለው ቀሩ» አለችኝ። መገለልን ልቀንስ ወጥቼ ምንም ያልነካውን ሰው አስገልዬ ተመለስሁ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል እየሰማሁ አድጌ፣ የሞላን ስም በሕይወቱ ሳለ ቀበርሁት። ተናደድሁ፣ አፈርሁ፣ እንጀራም አልበላ አለኝ።

ጋሽ አድማሱ ዘንድ ሄድሁ። «ነግሬሽ አልነበር» አላሉኝም። ጃንጥላቸውን አነሡና «ነይ ገበያ» አሉኝ። ወረቀቱን ሩዝ ለምትሸጥ አንዲት ሴት ሰጧት።

«እመት፣ ምን አየሽ?»

«ሞላን ነዋ። ምስኪን! ልጁን ማን ያገባለት ይሆን?»

«ሌላስ?»

«ሌላማ…» አለችና ወረቀቱን መለሰችላቸው። «የኔ ልጅ እንዲህ ቢሆንብኝ ለሰው አላሳይም፣ እደብቀዋለሁ።»

በዚያን ቀን አፌን ለመዝጋት አልተቸገርሁም።

ከነርሷና ከሞላ ጋር ሆነን ወረቀቱን ከየግድግዳው ላጥነው። ኃላፊያችን ጮኸ፣ ሲደክመው ተወ። የሞላ ንስሐ አባት የሆኑት የደብሩ ቄስም ነገሩን ሰምተው አዘኑ። «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ሳይበተን፣ ‹ሞላ ንጹሕ ነው፣ ፎቶው ለትምህርት የተነሣ ነው› ብየ እናገርልሃለሁ» አሉት። ቄስ በዐውደ ምሕረት የመሰከሩትን ማን ይጠራጠራል? ሞላ እጃቸውን ስሞ ተመለሰ፤ ጢሙንም እንደገና ቫዝሊን ቀባ። ሠርጉ ተረፈ ብለን ሁላችንም ደስ አለን።

ዓርብ ከምሳ በኋላ፣ ሞላ የመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ አንድ ሰው ፊቱን በጋቢ ሸፍኖ መጣ። ጋቢውን ሲገልጥ ሞላ ለየው፤ ስማቸው የሚባለው የአቶ ይርጋ የበኩር ልጅ፣ የሙሽራው ታላቅ ወንድም ነው። አገሩ ሁሉ መተማ ሥራ ላይ ነው ብሎ የሚያውቀው ስማቸው ለካስ ያን ሁሉ ጊዜ አባቱ ጓዳ ውስጥ ኖሯል። የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ ጭነት ሲያራግፍ ወገቡን ተጎድቶ ለሕመሙ የጀመረው ክኒን አልለቅ ብሎት ነው የተመለሰው።

«ጋሽ ሞላ» አለው። «እርስዎ እንዴት አድርገው ተዉት?»

ሞላ «እኔማ መች…» ሊል ጀመረ። ከዚያ የስማቸውን እጅ አየ። «ና፣ ተቀመጥ» አለው፣ ከምሳው የተረፈውን አቀረበለት፣ ስለ ምንም ሳይጠይቀው እስኪበላ ጠበቀው። «ነገም ና» ብሎ ከሸኘው በኋላ ወደ እኔ መጣ።

«እታለም፣ ቄሱ እሑድ እንዳይናገሩ ንገሪልኝ።»

«አብደሃል? ሠርጉስ?»

«አንች ደግሞ! እኔን ንጹሕ ነው ታሉኝ፣ ይሄ ልጅ ነገ ማን ዘንድ ይምጣ? ንጹሑ ሰው አገሩን ሞልቶት የለ? ተማንኛቸው ደጅ ሄደ?»

ይህ ሰው ፎቶው ደብዘዝ ብሎ ስለታተመ ብቻ ያኮረፈኝ ሰው ነው! «ትርንጎን ሳንጠይቅማ አይሆንም» አልሁት። ጠርተናት ማን እንደሆነ ሳንነግራት ነገሩን አስረዳናት፤ አባቷ ስሙን ካጠራ አንድ የታመመ ሰው የሚመጣበት ደጅ እንደሚያጣ ነገርናት። ቆማ ሰማችን። የሩዝ ገለባ ፀጉሯ ላይ ነበር።

«ጥር በየዓመቱ አለ» አለች። «ሰውየው ግን በየዓመቱ አይመጣም።» ይህን ብላ ስትወጣ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ነበር።

ቄሱ ዘንድ ሄጄ የታማሚውን ስም ሳልጠራ የሆነውን ነገርኋቸው። «እንግዲያ እሑድ ምን ልበል? እናገራለሁ ብየ ነበር'ኮ» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው የሞላ ልቅሶ ትዝ ያለኝ። «አባ፣ ስለ ደቦ ይናገሩልኝ» አልኋቸው።

እሑድ ቄሱ ስለ ሞላ አንድ ቃል አልተናገሩም። «ልጆቼ፣ ዘንድሮ ደቦ ስትጠሩ ያለፋችሁት ደጅ የለም ወይ?» ብለው ጀመሩ። «እዚያ ቤት ሱስ ያመመው ሰው አለ ብላችሁ ያለፋችሁት? ለሕመሙ ሐኪም አለለት፣ ጠበል አለለት። እናንተ ጎረቤቶቹ ናችሁ፤ ደቦ ስትጠሩ ደጁን አትለፉ።» አቶ ይርጋ ከወንዶቹ መካከል ቆመው መሬት መሬት ያዩ ነበር። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ነው። የሞላን ደጅ ያሳለፋቸው ጓዳቸው ውስጥ ያለው ፍርሃት መሆኑን ከእኔና ከሞላ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

አዲሱን ቅስቀሳ በቄሱ ቃል ላይ ሠራነው። ፊት አይኖረውም አልሁ፤ ፊት ካለው ስም ይወጣለታል። ሠዓሊው ሩዝ የሚያጭዱ ሰዎችን ከጀርባቸው በረድፍ ሣለና ከመካከል የአንድ ሰው ቦታ ባዶ ተወ። እኔና ጋሽ አድማሱ ገበያ ወረድን። አንዱ ገበሬ አየት አድርጎ «እዚያጋ ውኃ ተኝቶበታል መሰል፣ ሳያጭዱት አለፉት» አለ። ተመለስን። ሠዓሊው ባዶው ቦታ ላይ የደረሰ ሩዝ አቆመበት፣ ሥሩም ባለቤት የሌለው ማጭድ አስቀመጠ። እንደገና ወረድንና ለዚያችው ሩዝ ሻጭ ሰጠናት።

ረዘም አድርጋ አየችው። «አንድ ሰው ጎድሏል» አለች። «ማነው የቀረው? ምነው ሳይጠሩት?»

ጋሽ አድማሱ ገበያ መካከል ቆመው ጮክ ብለው ሳቁ፤ እሳቸው ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው። እኔ ሴትዮዋን ጉንጯን ስሜ ሩዟን ገዛኋት። ከሥዕሉ ሥር «ደቦ ስትጠሩ ደጁን አትለፉ» ብለን ጻፍን፤ «ሱሰኛ» የሚለውን ቃል ከጽሑፋችን ሁሉ አውጥተን «ሱስ ያመመው ሰው» አልን። የጤና ጣቢያው በር ላይ ያለውን ጽሑፍም ነቀልነው፤ ሁሉም ሰው በሚገባበት በር ይግባ፣ ነርሷ ውስጥ ትቀበለው ተባለ። ክፍሉ ቀስ በቀስ ሰው ለመደ።

ስማቸው በየቀኑ ሞላ ዘንድ ይመጣ ጀመር። ሞላም ነርሷ ዘንድ ያደርሰዋል፣ ደጅ ተቀምጦ ጠብቆ ይመልሰዋል። ነርሷ ባሕር ዳር ልካው ታክሞ ተመለሰ። መንገዱ ቀጥ ያለ አልነበረም፤ አንድ ጊዜ ሰንብቶ ጠፋ፣ ክኒኑን ዳግመኛ ቀምሶ አፍሮ ነበር። ሞላ ሄዶ አላመጣውም፤ ምሳውን ለሁለት ከፍሎ ድርሻውን እያስቀመጠ ጠበቀው። ተመልሶ ሲመጣ «ቀዝቅዟል፣ እንዲሁ ብላው» ብቻ አለው።

አጨዳው ወደ ማለቂያው ሲደርስ፣ አንድ ቀን ወደ ማታ፣ አቶ ይርጋ መጥተው የሞላ ደጅ ቆሙ።

«አንዲት ማሳ ቀርታኛለች። ነገ አጨዳ አለብኝ፣ ድረሱልኝ» አሉ።

«እሺ፣ እንደርሳለን» አለ ሞላ።

አቶ ይርጋ ግን አልሄዱም። «ልጄ አንተ ዘንድ ይመጣል አሉ።»

«ይመጣል።»

«ምን ብለህ ትመክረዋለህ?»

«ምን እመክረዋለሁ፣ ስለ ከብት ነው እምናወራ። ወሬ ሲያልቅ እኔ አሸልባለሁ፣ እሱ ይቀመጣል።»

«አንተስ ሞላ፣ በውነት ዳግመኛ አላማረህም?»

«እመ ብርሃንን፣ አንድ ቀን አላማረኝም!»

ሞላ ይህን ሲማል ዓይኑን አላሸም፤ ምን አስፈርቶት! አቶ ይርጋ በጋቢያቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ። ለመሄድ ዞር አሉና ተመለሱ። «እንግዲያ ነገ እሱንም ይዘኸው ና» አሉ። «ጓዳ በቃው። ሰው ይየው።»

እኔም ቅስቀሳዬን ለማየት ብዬ በማግሥቱ ማሳው ላይ ተገኘሁ። ስማቸው በሞላና በአባቱ መካከል ቆሞ ያጭድ ነበር። ሰዉ ሲደርስ አንዳንዴ ቀና ብሎ ያየዋል፣ «መተማን እንዴት አደረግኸው?» የሚል አንድም አልነበረም። አንዱ ሽማግሌ ብቻ «ማጭድህ ደንዟል፣ አምጣው ልሳልልህ» አለው። እኔ ከማሳው ዳር ተቀምጬ እንደ ሞኝ አለቀስሁ፤ የደስታ ነው።

ጥር አለፈ፤ ሠርጉ ግን ከፋሲካ ማግሥት ሆነ። ስማቸው ወንድሙን አጅቦ ሲጨፍር ዳሱ ጠበበው። ጋሽ አድማሱ ከዳሱ ሁሉ ዝቅ ያለችውን በርጩማ መርጠው፣ ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ያጨበጭቡ ነበር። በመካከሉ ሞላ ስማቸውን ወደ ጥግ ሳበው፤ እኔ አጠገባቸው ነበርሁ።

«እንግዲህ ዘመድ ሆነናል፣ ልንገርህ» አለው። «እኔ በሕይወቴ የዋጥሁት ክኒን የራስ ምታት ነው። ፎቶው ትያትር ነበር።»

ስማቸው ሳቀ። «በሁለተኛው ቀን ነው ያወቅሁት። ሱስ የሚታገለው ሰው ቀትር ላይ እንደርስዎ አያንኮራፋም።»

«ታዲያ ለምን ትመጣ ነበር?»

«ሌላ ክፍት ደጅ አላየሁማ ጋሼ።»

ሞላ ስማቸውን አቅፎት ቆመ፤ ከዚያ ጢሙን ጠረገና ሊጨፍር ገባ።

ስሙን እስከ ዛሬ አላጠራውም። ከሩቅ ቀበሌ ሳይቀር የታመመ ልጁን የያዘ ሰው «ሞላ የሚባለው ከሱስ የዳነ ሰው የታለ?» እያለ ይመጣበታል፤ እሱም ወሬ አውርቶ፣ ምሳ አካፍሎ፣ ነርሷ ዘንድ ያደርሰዋል። ያችኛዋ አበልጁ ገበያ ላይ ባገኘችው ቁጥር «እሰይ፣ እንኳን ተውኸው!» ትለዋለች። «እግዜር ይመስገን» ይላታል፣ ኮራ ብሎ። ከላጥናቸው ወረቀቶች አንዱን ደብቆ አስቀርቶ ኖሮ በመስታወት አድርጎ ቤቱ ሰቅሎታል። እንግዳ ሲያየው «ጢሜን ባያወርዱብኝ» ይላል።

ይህን ልጽፍ ስነሣ አስቀድሜ ልጁን ስማቸውን አስፈቀድሁት፤ «ስሜን እንዳትተዪው» አለኝ። ከዚያ ሞላ ዘንድ ሄድሁ። ደጁ ላይ ማጭዱን እየሳለ አገኘሁት።

«ሞላ፣ የነበረውን እንደነበረ ልጽፈው ነው። አንድ ቀን እንኳ ቀምሰህ እንደማታውቅ አገሩ ሁሉ ያነባል፤ ይቅርብኝ ካልህ እተወዋለሁ» አልሁት።

የማጭዱን ስለት በአውራ ጣቱ ሞከረና ሳቀብኝ።

«ጻፊው እታለም» አለኝ። «ማን ያምንሻል!»